ማሽኑ ሩቅ ነው፤ አማናውስ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው ርዕሳችን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከጎንደር ከተማ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ይህኛው እየተደጋገመ ስለመጣ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ልጃችን ዐረብ አገር ሠርታ የላከችው ገንዘብ አለ። ቢትኮይን የሚያመርት ማሽን ግዙበት የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። ማሽኑ አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ መብራቱንም ጥገናውንም እነሱ ይይዙታል፤ እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን ገቢውን በስልክ እናያለን። ነገሩ እውነት ነው? ሐላልስ ነው?»

ይህ ገንዘብ ተራ ገንዘብ አይደለም። በሰው ቤት ሲታጠብ፣ ሲጠረግ፣ ሲበሰል ተውሎ የተገኘ የላብ ዋጋ ነው። አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚተካው በሌላ የስደት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በ«ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብቻ መልሰን ልናልፈው አንፈልግም። ዑለማኦቻችን እንደሚያስተምሩን በአንድ ነገር ላይ ፍርድ የሚሰጠው የነገሩ ምንነት በሚገባ ከታወቀ በኋላ ነው። እኛም በቅድሚያ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚተከልና ከሩቅ እንዴት እንደሚመራ እናብራራለን፤ ከዚያም ወደ ብይኑና ወደ ጥንቃቄው እንሻገራለን፣ ኢንሻአላህ።

ማይኒንግ ማለት ምን ማለት ነው?

ቢትኮይን በወረቀት የማይታተም፣ በብረት የማይቀረጽ፣ በኮምፒውተር መዝገብ ላይ ብቻ የሚገኝ ገንዘብ መሰል ነገር ነው። ሐሳቡ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2008 ተጽፎ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሥራ ላይ ዋለ። የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። የሚቆጣጠረው መንግሥትም ባንክም የለም። ማን ለማን ምን ያህል እንዳስተላለፈ የሚጻፍበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፤ የመዝገቡ ቅጂም በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል።

በዚህ መዝገብ ላይ በአሥር ደቂቃ ገደማ አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን የመጨመር መብት የሚያገኘው በውድድር ያሸነፈ ኮምፒውተር ነው። ውድድሩ አንድን ቁጥር በግምት የማግኘት ውድድር ነው፤ ምስጢራዊ ቁልፍ ያለውን ሳጥን ለመክፈት ቁጥሮችን በየተራ እንደመሞከር ማለት ነው። ማይኒንግ የሚባለው ይህ ነው። ያሸነፈው አዲስ ቢትኮይን ይከፈለዋል። ክፍያው ሲጀመር በገጽ 50 ቢትኮይን ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየተቀነሰ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.125 ሆኗል። በቀን ሲሰላ በመላው ዓለም አዲስ የሚወጣው 450 ቢትኮይን ገደማ ነው። ጠቅላላው ብዛት ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍም ተወስኗል።

«ማዕድን ማውጣት» የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል። የሚቆፈር መሬት የለም፤ በማሽኑ ሆድ ውስጥም የሚጠራቀም ገንዘብ የለም። ማሽኑ የሚያደርገው ኤሌክትሪክ እየበላ መገመት ብቻ ነው። አንድ ማሽን ብቻውን ቢወዳደር ዕድሜውን ሙሉ ላያሸንፍ ስለሚችል ባለማሽኖች ጉልበታቸውን ያሰባስባሉ። ይህ ስብስብ ፑል ይባላል። ከደቦ ጋር የሚመሳሰለው ጉልበት በማሰባሰቡ ነው፤ የሚለየው ደግሞ ምርቱ ለአንድ ባለ ማሳ ሳይሆን ለሠሩት ሁሉ በሥራቸው መጠን መከፋፈሉ ነው። ፑሉ እያንዳንዱ ማሽን የሠራውን ይቆጥራል፤ ድርሻውንም ባለቤቱ ወዳስመዘገበው አድራሻ ይልካል። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን ያለው እውነታ

ይህ ሥራ በኢትዮጵያ መኖሩ ወሬ አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግን ስትከለክል ባለማሽኖቹ ርካሽ መብራት ያለበትን አገር ፍለጋ ወጡ። በአገራችን ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር በዶላር የሚከፈል የሽያጭ ውል ይዋዋል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጣ ዘገባ 21 የማይኒንግ ኩባንያዎች ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተዋውለዋል፤ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም የቻይና ነበሩ፤ ዋጋውም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ቢት ማይኒንግ የተባለው ኩባንያ በአገራችን 51 ሜጋ ዋት የሚጠቀም ጣቢያ ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። በቀጣዩ ወር የአቡ ዳቢው ፊኒክስ ግሩፕ የ80 ሜጋ ዋት ውል መፈረሙን ገለጸ። በ2017 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል አዲስ አመልካች ለመቀበል የሚያስችል ትርፍ ኃይል እንደሌለው አስታውቋል።

በሕግ በኩል ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ በቢትኮይንና መሰል ነገሮች መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በማይኒንግና በክሪፕቶ ዝውውር ላይ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። እንግዲህ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ማሽን ያሠራሉ፤ የተገኘውን ቢትኮይን ጎንደር ገበያ ላይ በብር መመንዘር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ርካሹ መብራት የተሰጠው ለትልልቅ ተቋማት እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ወደዚህ ሥራ ከገባ የሚገባው በሌላ ሰው በኩል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማሽኑ ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «ያ ሌላ ሰው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ማሽኑ እንዴት ይተከላል?

ማሽኑ እኛ የምናውቀው ባለ መስኮት ኮምፒውተር አይደለም። ጫማ ማስቀመጫ ካርቶን የሚያህል፣ ማራገቢያዎች የተገጠሙለት የብረት ሳጥን ነው፤ ከዚህ ግምት ሥራ በቀር ሌላ አይሠራም። ለምሳሌ ቢትሜይን የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራው አንትማይነር ኤስ21 የሚባለው ማሽን በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ግምት ይሞክራል፤ 3,500 ዋት ገደማ ኃይልም ይወስዳል። እናቶቻችን ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደው ኃይል ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ምጣዱ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለተወሰነ ሰዓት ተጥዶ መጥፋቱ ነው። ማሽኑ ግን ሌሊትም ቀንም፣ ጁምዓም ዒድም አይጠፋም። በቀን 84፣ በወር 2,520 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ቀደም ብለን የጠቀስነው 51 ሜጋ ዋት ከ14 ሺህ በላይ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ጥዶ እንደማቆየት ነው።

«እንግዲያውስ ቤታችን እንትከለው» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ለዚህ ማሽን ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ያስፈልገዋል፤ በተራ ማከፋፈያ ሶኬት ላይ ከተሰካ ሽቦው ግሎ ቤት ያቃጥላል። ድምፁም ከጎኑ ቆሞ መነጋገርን ያስቸግራል፤ ጎረቤት እንቅልፍ ያጣል። በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀም ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ማሽን ሌት ተቀን ሲሠራ የጎረቤት ምጣድ መጋል ያቅተዋል። የጎረቤት ሐቅ በእስልምና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብንም። ከቆጣሪ ውጪ መስመር መሳብ ሌብነት ነው። ከመስጂድ ቆጣሪ መሳብ ደግሞ ሙስሊሞች በሙሉ መብት ያላቸውን የወቅፍ ሀብት መብላት ነው።

ሌላው የሚነገረው «ደባርቅ ብርድ ነው፤ ብርዱ ማሽኑን በነፃ ያቀዘቅዛል» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። አምራቹ ለእነዚህ ማሽኖች ባወጣው መመሪያ የሚሠሩበት ከፍታ እስከ 2,000 ሜትር እንደሆነ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩም የሚችሉት ሙቀት በ1 ዲግሪ እንደሚቀንስ ተጽፏል። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። በዚህ ከፍታ ጭራሽ አይሠራም ማለታችን አይደለም። ከፋብሪካው ወሰን ውጪ ስለሆነ የአየር መግቢያና መውጫው በባለሙያ መሠራት አለበት ማለታችን ነው። ቀዝቃዛው አየር በአንድ በኩል ገብቶ ትኩሱ በሌላ በኩል መውጣት አለበት፤ ትኩሱ ተመልሶ ከገባ ብርዱ አይጠቅምም። የበጋው አቧራም ማራገቢያውን ይደፍናል።

ከሩቅ እንዴት ይመራል?

ሀብትን ከሩቅ ማስተዳደር ለጎንደር ሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ከሲራራ ነጋዴ ጋር ወደ መተማ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ምጽዋ ይልኩ ነበር። ባለሀብቱ ቤቱ ተቀምጦ ወኪሉ ይነግድለታል። በዚያ ዘመን ስልክ አልነበረም፤ ሥራውን ያቆመው የሰው ታማኝነት፣ ምስክርና ጽሑፍ ነበር። ዛሬ ስልክ መጥቷል፤ እነዚህ ሦስቱ ግን በስልክ አልተተኩም።

ማሽኑ በኢንተርኔት ገመድ ከመረቡ ጋር ይገናኛል፤ የራሱ አይፒ አድራሻም ይኖረዋል። በዚያው መረብ ላይ ያለ ኮምፒውተር አድራሻውን ሲጽፍ የማሽኑ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ላይ የፑሉ አድራሻ፣ የባለቤቱ የፑል መለያና የማሽኑ መጠሪያ ስም ይሞላል። ከዚህ በኋላ ማሽኑ ራሱ ሥራውን ይጀምራል። ገጹ በሰከንድ ስንት እንደሚገምት፣ ሙቀቱን፣ የማራገቢያዎቹን ፍጥነትና ተቀባይነት ያጣውን ሥራ ያሳያል።

በሌላ ከተማ ያለ ሰው ይህን ገጽ እንዲያይ ከተፈለገ ገጹን ለዓለም ሁሉ ክፍት ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ የሚመጣበት የይለፍ ቃል በሰፊው የታወቀ ስለሆነ ማንም ገብቶ የፑሉን መለያ በራሱ ሊተካው ይችላል። ያኔ ማሽኑ ይሠራል፣ መብራቱ ይቆጥራል፣ ገቢው ግን ለሌባ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ በመጀመሪያው ቀን ይቀየራል፤ ከሩቅ የሚገባውም ቪፒኤን በሚባለው የተቆለፈ መንገድ ብቻ ይሆናል። የማሽኑ የውስጥ ሶፍትዌርም ከአምራቹ ካልሆነ ከማንም አይጫንም። አምራቹም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 በቢትሜይን ማሽኖች ውስጥ ከሩቅ ለማቆም የሚያስችል የተደበቀ ቀዳዳ መኖሩ ተጋልጦ ኩባንያው ማስተካከያ ለማውጣት ተገዷል።

ከሩቅ ምን ይሠራል? ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ፑሉን መቀየር ይቻላል። ማራገቢያ መቀየር፣ አቧራ መንፋት፣ የተቃጠለ ክፍል መፍታት ግን አይቻልም፤ ለዚያ በቦታው የቆመ ሰው ያስፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ ከተነሱ መስመሩን ይጥሉታል፤ ተራ በተራ የሚያስነሳቸውም ሰው ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ማሽኑ ገቢ የለውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የምንረሳው አይደለም። ጎንደር ያለው ባለቤት መስመር ሲያጣ አዲስ አበባ ያለው ማሽን መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ማየትም ማዘዝም አይችልም። በዚያ ጊዜ የሚቀረው የጠባቂው አማና ብቻ ነው።

የክምሩ አናትና የክምሩ ውስጥ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ማግኘታቸውን፣ ሻጩንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው መጠየቃቸውን፣ ማታለልንም አጥብቀው ማውገዛቸውን ታውቃላችሁ። የጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰውም ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል።

በስልክ የሚታየው ቁጥር የክምሩ አናት ነው። ማሽን የሌለው ሰው ቁጥር የሚያሳይ ፕሮግራም ማሠራት አያቅተውም። ይህ ግምት አይደለም፤ በፍርድ ቤት የታየ ነገር ነው። ቢትክለብ ኔትወርክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በማይኒንግ ድርሻ ስም ከዓለም ዙሪያ ቢያንስ 722 ሚሊዮን ዶላር መሰብሰቡን የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በክሱ ገልጿል። ለደንበኞች የሚታየው የቀን ገቢ እንደተፈለገ ይቀየር ነበር፤ ሰው ላመጣ ሰውም ጉርሻ ይከፈል ነበር። ሐሽፍሌር የተባለው የኢስቶኒያ ድርጅት ደግሞ «ማሽን ተከራዩ» እያለ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ውል ሸጧል፤ በክሱ እንደተገለጸው በእጁ የነበረው የማሽን ጉልበት አለኝ ካለው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ሁለቱ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል። በሁለቱም ቦታ ደንበኞች ገቢያቸውን በየቀኑ በስክሪን ያዩ ነበር። ያዩት ግን አናቱን ነበር።

ሒሳቡን አብረን እናስላ

ማሽኑ እውነተኛ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም ማሽኖች አጠቃላይ ጉልበት ከአንድ ኤስ21 አምስት ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ደርሷል። በቀን 450 ቢትኮይን ለአምስት ሚሊዮን ሲካፈል የአንዱ ድርሻ 0.00009 ቢትኮይን ይሆናል። የአንድ ቢትኮይን ዋጋ 90,000 ዶላር ቢሆን ይህ 8 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። መብራቱ በኩባንያዎቹ ዋጋ 2 ዶላር ከ64 ሳንቲም ይወስዳል፤ ነገር ግን አስተናጋጁ የራሱን ወጪና ትርፍ ስለሚጨምርበት በ6 ሳንቲም ቢያስከፍል 5 ዶላር ይሆናል። የሚቀረው 3 ዶላር ገደማ ነው። ማሽኑ በ3,000 ዶላር ከተገዛ ዋናውን ብቻ ለመመለስ አንድም ቀን ሳይቆም 1,000 ቀን መሥራት አለበት ማለት ነው፤ ይህም የፑሉ ኮሚሽንና ጥገናው ሳይታሰብ ነው።

በእነዚያ 1,000 ቀናት ውስጥ ደግሞ ነገሮች ባሉበት አይቆዩም። በዓለም ላይ ማሽን በተጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2028 ደግሞ ክፍያው እንደገና በግማሽ እንደሚቀነስ ይጠበቃል። ዋጋውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ወጥቶ የነበረው ቢትኮይን ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 16,000 ወርዷል። በ16,000 ሒሳብ የማሽናችን የቀን ገቢ 1 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው፤ የርካሹን መብራት ዋጋ እንኳ አይከፍልም። እንግዲህ «በወር ይህን ያህል በመቶ የተረጋገጠ ትርፍ» የሚል ሰው ሲመጣ ከዚህ ሥራ ተፈጥሮ ጋር የማይሄድ ነገር እየተናገረ መሆኑን እወቁ።

ዑለማኦች ምን ይላሉ?

በቢትኮይን ላይ የዘመናችን ዑለማኦች አልተስማሙም። የግብፅ ዳር አል-ኢፍታ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በቢትኮይን መገበያየት እንደማይፈቀድ ፈትዋ ሰጥቷል፤ ማታለል፣ ድብቅነትና ጉዳት አለበት በማለት። የኢንዶኔዥያ ዑለማኦች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ ገንዘብ መጠቀሙን ከልክሏል። በሌላ በኩል የማሌዥያ የካፒታል ገበያ የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በተመዘገቡ ገበያዎች መሸጥና መግዛቱን ፈቅዷል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ዱባይ ላይ ተሰብስቦ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ይሻል ብሎ ብይኑን አቆይቷል። በመሆኑም አንድ ሰው ተጠራጥሮ ቢተወው ለዲኑ ጥንቃቄ አድርጓል፤ የሚፈቅዱትን ልከተል ያለ ደግሞ ያመነበትን ዓሊም ጠይቆ ይወስን።

በውሉ ላይ ግን ልዩነት የለም። በእጁ የሌለውን ማሽን መሸጥ አይቻልም። ዋናውም ትርፉም የተረጋገጠ ነው ብሎ ገንዘብ መሰብሰብ ሽርክና አይደለም፤ ወደ ሪባ የሚወስድ መንገድ ነው። ማሽኑ የእናንተ ሆኖ ቦታና ጥበቃ የምትከራዩ ከሆነ ውሉ ኢጃራ ነውና ኪራዩ የታወቀ ይሁን። ገንዘብ የእናንተ፣ ሥራ የእነሱ ከሆነ ሙዳረባ ነውና ትርፉ በድርሻ እንጂ በቁርጥ አይነገርም፤ ሠራተኛው ካላጠፋ በቀር ኪሳራው በገንዘቡ ባለቤት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነገር አለ። የገንዘቡ ባለቤት ማን ነው? ልጅቱ ለቤት ወጪ ብላ የላከችው ተለይቶ፣ «አስቀምጡልኝ» ብላ የላከችው አማና ነው። ወላጅም ወንድምም ወኪሎቿ ናቸው። ማሽን ጠባቂው ለእኛ ሩቅ እንደሆነ ሁሉ እኛም ለእሷ ሩቅ ነን። እሱ እውነቱን እንዲነግረን እንደምንፈልግ ሁሉ እሷም ከእኛ እውነቱን ትፈልጋለች። ስለዚህ አንድ ብር ከመንቀሳቀሱ በፊት ይህን ሁሉ፣ የኪሳራውን ሒሳብ ጭምር፣ ለእሷ አስረድቶ ፈቃዷን መጠየቅ ግዴታ ነው። «አንነግራትም፤ ትርፉን ስታይ ትደሰታለች» ማለት አማናን ማጉደል ነው።

ከመክፈል በፊት

እንግባበት የሚል ቤተሰብ ቢያንስ የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

1ኛ. ድርጅቱ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር መመዝገቡንና ሕጋዊ የኃይል ውል እንዳለው በወረቀት ያሳይ። «ከሌላ ድርጅት ጋር እንሠራለን» ካለ የዚያኛውን ወረቀት ያሳይ።

2ኛ. የማሽኑ መለያ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፍ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወይም ታማኝ ወኪል ሄዶ ማሽኑን በዓይኑ ይይ፤ ቁጥሩንም ያመሳክር።

3ኛ. የፑሉ መለያ በእናንተ ስም ይከፈት፤ ክፍያው የሚገባበትን አድራሻም እናንተ ሙሉት። ለጠባቂው የሚሰጠው የማሽኑ መጠሪያ ስም ብቻ ነው። ገቢያችሁን ከሻጩ ፕሮግራም ላይ ሳይሆን ከፑሉ ላይ አንብቡ።

4ኛ. እጃችሁን ወደ ክምሩ ስደዱ። እናንተ በመረጣችሁት ሰዓት «ማሽናችንን ለሁለት ሰዓት አጥፉ» በሉ። በፑሉ ገጽ ላይ የማሽናችሁ መስመር ወርዶ ዜሮ መግባት፣ ሲበራም መመለስ አለበት። ምክንያት እየደረደረ የማያጠፋ ሰው ምናልባት የሚያጠፋው ነገር የለውም።

5ኛ. የቢትኮይን ቦርሳችሁን የሚከፍቱት 12 ወይም 24 ምስጢራዊ ቃላት ከእጃችሁ አይውጡ። ሊረዳችሁ የመጣም ቢሆን እነዚህን ቃላት ከጠየቀ ሌባ ነው።

6ኛ. መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ማሽን ሲቃጠል ማን እንደሚከፍል፣ ማሽኑን መውሰድ ስትፈልጉ በስንት ቀን እንደምታገኙት ይጻፍ፤ በምስክርም ይፈረም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን አትርሱ።

7ኛ. «ሰው ካመጣችሁ ጉርሻ አለ» የተባለበት ቤት ሁለተኛ አትግቡ። ዘመድ ዘመዱን እየሳበ የሚከስርበት፣ ገንዘቡም ዝምድናውም አብሮ የሚጠፋበት መንገድ ነው።

ከእነዚህ ሰባት አንዱ እንኳ ቢጎድል ገንዘቡ ባለበት ይቆይ። ወጣቶቻችን የማሽን አተካከልና የመረብ ሥራ ቢማሩ ደስ ይለናል፤ በዚህ ሙያ ተቀጥሮ ያለ ዕዳ ደመወዝ መብላት ይቻላል። ዕውቀቱ ከእነሱ ጋር ይቀራል፤ የማሽኑ ዋጋ ቢወድቅም አይወድቅም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ በየአገሩ የተበተኑ ልጆቻችንን በሰላም ይመልስልን፤ በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።